ቁጥር ሰባ ሦስት

ሰኔ መባቻ ነው። ቢቸና ጤና ጣቢያ፣
ጠረጴዛው አንድ፣ አንድ የግፊት መለኪያ፣
ደግሞ ሣጥን ሙሉ የታሸገ ፖስታ፤
ቁጥር ነው ያለበት፣ በሰው ስም ፈንታ።

ከሰባ ሁለቱ በኋላ ተሰልፋ
ይታይሽ ገባች፣ ጃንጥላዋን አጥፋ።
ባሏ ከደጅ ቀረ፣ በቅሎውን ይዞ፤
ዝናቡ አባርቷል፣ ደመናው አርግዞ።

የፈቃዱን ቅጽ ቀስ ብዬ አነበብሁ፦
«የነፍሰ ጡር ግፊት እንዳይወጣ ብለን
ሁለት ዓይነት ክኒን በዕጣ እንሰጣለን።
አንዱ መድኃኒት ነው፣ አንዱ ባዶ ነገር፤
መልካቸው አንድ ነው፣ ምሥጢር የማይናገር።
እኔም አላውቀውም። ሐኪሙም አያውቅም።
አልፈልግም ብትዪ ማንም አይቀየምም።»

«ዕጣ ነው?» አለችኝ ትኩር ብላ አይታ፤
«ዕጣማ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ፣ የዚያን ለታ፣
መሬት ሲሸነሸን ቀበሌው ተሰብስቦ፣
አባቴ እጁን ሰዶ ከቆቡ ውስጥ ስቦ
ያወጣው ወረቀት ሙጋ አፋፍ ያለው፣
ድንጋይ የወረሰው፣ ማረሻ የሚሰብረው።
ጎረቤት ጥቁር አፈር። እኛ ጓያ በላን።
እንደሱ ነው?»
          «አዎ።»
                    ለጊዜው ዝም አልን።

ቆየች። አሰበች። አውራ ጣቷን ሰጠች፤
ወረቀቱን በሰማያዊ ትልም አረሰች።

ገጽ ሁለት። ጥያቄ። «ስንት ጊዜ ወለድሽ?»
«አምስት።»
          «በሕይወት ስንት?»
                    «ሁለት።»
                              «ሦስቱን እንዴት አጣሽ?»

«አንዷ ክርስትና ሳትነሣ ሄደች።
ሁለተኛይቱ ዓይኗን ሳትገልጥ ቀረች።
ሦስተኛው፣ እኔ ስንቀጠቀጥ፣ ራሴን ስቼ ሳለ፤
ወንድ ነበር አሉኝ ስነቃ፤ ተቀብሮ ነው የዋለ።»

ሣጥኗ ትንሽ ናት፣ ለአንድ አኃዝ ማደሪያ፤
ሦስት ብዬ ዘጋኋት፤ ሆነች መቀበሪያ።
የተረፈውን ሁሉ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣
ጻፍሁት በደቃቁ፣ ገጹ እስኪያልቅ ድረስ።
ተቆጣጣሪያችን ከባሕር ዳር መጣ፤
«ኅዳግ ላይ አይጻፍም።» ቀይ መስመር አወጣ።

ሐምሌ። አልመጣችም። ሙጋ ሞልቷል አሉ።
ነሐሴ። የድልድዩን ግንድ ወሰደው በሙሉ።
ታብሌቱ ላይ ያለው ምርጫ ሦስት ብቻ ነው፦
«ወለደች»፣ «ሞተች»፣ የመጨረሻው
«ጠፋች»።

እሑድ ከአፋፉ ወርጄ ማዶውን አያለሁ፤
ባሕር ዛፏን፣ በሯን። ጢሱን እቆጥራለሁ።
ሰኞ ተመልሼ፣ ጣቴ እየዋለለ፣
ይታይሽን «ጠፋች» አልሁ፣ ስሟ ምን እያለ!

በጥቅምት፣ በገበያ ቀን፣ በሩ ተንኳኳና
ይታይሽ ገባች፣ ልጅ አዝላ፣ በጤና።
ብልቃጡን መለሰች። ቆጠርነው፤ አሥራ ሁለት።
«እዪው፣» አለች ኮርታ፣ «አንዲት አልጠፋችበት።»
ወጥታ ከበር ዞረች። «የኔስ የትኛው ነው?»
«እኔም አላውቅ።»
          ሳቀች። ሳቋ ደስ አይልም ነበር።

በዓመቱ ፖስታዎቹ ባንድ ቀን ተከፈቱ።
መድኃኒቱ ይሠራል፣ ይላል ውጤቱ፤
አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ መስመር፣ ገጽ አራት።
ቁጥር ሰባ ሦስት? ባዶው ነው የደረሳት።
ላለመንገር ሰበብ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሄድሁ ነገርኋት፤
ሽምብራ ስትለቅም ነበር የደረስሁባት።

ጠጠሩን ለይታ ከደጅ ወረወረች።
ሌላም ጠጠር። ሌላም። ኋላ ቀና አለች፦
«ባውቅ ኖሮ አልውጠውም፤ ይህን ልብሽ ይወቀው።
ግን ድንጋዩንስ ቢሆን አንድ ሰው ካላረሰው…»

ሳትጨርሰው፣ ልጅቷ ከጀርባዋ አለቀሰች።
አወረደቻት። አጠባች።

ቦርሳዬ ውስጥ አለ የቅጹ ግልባጭ፤
የመጨረሻው ገጽ ጾታና ክብደት ይላል፣
ስም አይጠይቅም።
ጠየቅሁ። ነገረችኝ።
ጻፍሁት ኅዳጉ ላይ፣ ቀዩን መስመር አልፌ፣
በእርሳስ አይደለም፤
በቀለም።